ላልተዘፈነው ዜማችን ስለተሰጠን የምስክር ወረቀት

ለክቡር የከተማችን የባህልና የመድረክ ዝግጅቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ብርድ ወደ ቢሮዎ የሚገባበት ስንጥቅ እንዳያገኝ፣ ጉሮሮዎ እንዳይከረክርብዎ፣ የሚቀጥለውን ንግግርዎን የሚያሳጥር አንዳች ሳል እንዳይነካዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በጥላዎ ሥር የምንኖር ነዋሪዎች ከብርዱ፣ ከዝናቡና ከጽሕፈት ቤትዎ በስተቀር ምንም የሚያስቸግረን ነገር የለም፤ ደህና ነን።

ላያስታውሱኝ ይችላሉና ራሴን ላስተዋውቅ። በገበያው ማዞሪያ፣ ከጫማ ሠሪው ጎን፣ አንድ ሰው ከተቀመጠ ሌላው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለልብስ አጣቢዎች የኅብረ ዜማ ቡድን አኮርዲዮን እጫወታለሁ። ይህ ቡድን በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል የሚሠሩና ሠርተው ጡረታ የወጡ አሥራ አራት ሴቶችን የያዘ ሲሆን፣ መሪ ድምፁ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ ግን ከድምጿ የተነሣ ደወሏ እያለ ይጠራታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራለች፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳትዘፍን ያጠበችው አንሶላ ያለ አይመስለኝም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ በእትዬ ጉሮሮ ውስጥ የበቀለ ነገር አገኘ። በመጪው ማክሰኞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለ፤ ትድኛለሽ፣ ቀስ ብለሽም ትናገሪያለሽ፣ መዝፈኑን ግን እርሺው ብሎ ሳይሸፋፍን ነገራት። እሷም አላለቀሰችም። ከማክሰኞ በፊት የኛ ዝግጅት አለ ወይ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አለ አልኳት፤ ባለፈው ሐሙስ፣ በእርስዎ መሪ ቃል በተሰየመው የክረምት የኪነ ጥበብ ሳምንት፣ በከተማው አዳራሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ለእኛ ተመድቦልን ነበር። ክቡርነትዎ፣ ይህን ሳምንት ስላዘጋጁልን ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማሞቂያዎቹ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ስድስት ማሞቂያ እንዳለው በዚያ ቀን በዓይናችን አረጋገጥን፤ ስድስቱም የክብር እንግዶቹን ጉልበት ከብበው ነበር። ሕዝቡ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ከእስትንፋሱ ጋር እየተጨዋወተ ተቀመጠ። የእኛ ሴቶች ደግሞ በመመሪያዎ ቁጥር ሰባት መሠረት ከደንብ ልብስ በላይ ምንም መደረብ ስለማይፈቀድላቸው፣ በሯ በማትዘጋው የኋላ መተላለፊያ ላይ በስስ ሸሚዝ ተራቸውን ይጠባበቁ ነበር። ጉሮሮሽን ከብርድ ጠብቂ የተባለችው እህቴ በእጆቿ አንገቷን ይዛ ቆመች። ሐኪም ያዘዘላትን ሻርፕ የመድረክ አስተባባሪዎ በትሕትና ተቀብሎ በመቀመጫ ላይ አጥፎ አስቀመጠላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምዎ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ሙያዬ ያስገድደኛልና በዝርዝር ብሄድ ይቅርታ። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። የመድረክ መሪው እንግዶቹን በማስተዋወቅ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኮሚቴው እንዴት እንደተቋቋመ ለማስረዳት አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ክቡርነትዎ «ለማይሰማው ድምፅ ጆሮ እንስጥ» በሚል ርዕስ አርባ ሰባት ደቂቃ ተናገሩ። የኅብረተሰቡ ድምፅ መሰማት አለበት የሚለውን ዐረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ሲሉ ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ አጨብጭበናል፣ እጃችን እንዲሞቅ። ቀጥሎ ለፎቶግራፍ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ለአሥር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ስማችን ተጠራ።

ሴቶቹ ወጥተው ተሰለፉ። እኔ የአኮርዲዮኔን ማሰሪያ ፈታሁ። ክቡርነትዎ ያኔ ወደ መኪናዎ እየወጡ ስለነበር አላዩትም እንጂ፣ እትዬ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ለቡድኑ መነሻ ድምፅ በአፍንጫዋ ሰጠች። እኛ ዘንድ ሥራው እንዲህ ነው፤ እሷ መነሻውን ትሰጣለች፣ ሌሎቹ ከእሷ ላይ ያነሣሉ፣ ቀጥሎ እኔ እገባለሁ። ሌሎቹ ሊያነሡ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራቱ ጠፋ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በኋላ እንደነገረኝ በአሥር ሰዓት አጥፋ የሚል የጽሑፍ ትእዛዝ አለው። በዚያ ቀን በሰዓቱ የተፈጸመ ብቸኛው የፕሮግራሙ ክፍል እርሱ ስለሆነ፣ እንደ ሰዓት ሠሪ ሳላደንቀው አላልፍም።

ሊዘፈን የነበረው ምን እንደሆነ ማንም ስላልጠየቀን ልናገር። እናታችንም ልብስ አጣቢ ነበረች። በክረምት የሰው ልብስ አስጥታ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ዝናቡን የምትለምንበት ዜማ ነበራት፦

ቆየኝ አንተ ዝናብ፣ አንድ አፍታ ታገሠኝ፤
የልጄ ሸሚዝ ነው፣ ሳይደርቅ አትምጣብኝ።

ሦስት ቤት አለው። ሦስተኛው ቤት ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የሚደርስ ድምፅ ያላት እትዬ ብቻ ናት። ይህን ለመለማመድ ሴቶቹ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ በእጥበት ክፍሉ እንፋሎት ውስጥ ቆመዋል፤ በከተማው ውስጥ እኛን የሚያሞቅ ሌላ ክፍል አላገኘንምና።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ አመሰግናለሁ። በማግስቱ አርብ ጠዋት፣ ገና ብርዱ ከጥርሳችን ሳይወጣ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ወረቀት ደረሰን። «ላቀረባችሁት ልብ የሚነካ ኅብረ ዜማ» ይላል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ዘገባም ሦስት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተመልካች መገኘቱን፣ ብዙዎችም በዜማው ማልቀሳቸውን አነበብን። ያለቀሰች አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን መኖሯ እውነት ነው፤ እግሯ ደንዝዞ መነሣት አቅቷት ነው። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ቀኑ ነው። ወረቀቱ የተፈረመው ማክሰኞ ነው፣ ዝግጅቱ የነበረው ሐሙስ። በሥራዬ ብዙ የሚቀድም ሰዓት ጠግኛለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የሚቀድም ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ሄደባት፣ ሳሉ ሲለቃት ታዲያ እንዴት ነበርኩ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ፤ ንዴቴም እስከዛሬ አልበረደም።

አራተኛ፣ ስለ መስኮት ቁጥር አራት አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ አዳራሹ እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን ባዶ በሚሆንበት በአንዱ ቀን አንድ ሰዓት እንዲፈቀድልን ለመንኩ። የመስኮቷ ሠራተኛ መዝገቡን አይታ፣ አባባ፣ እናንተ እኮ አቅርባችኋል፣ በአንድ ክረምት አንድ ቡድን ሁለቴ አያቀርብም፣ ለሌላውም ማሰብ ነው አለችኝ። አላቀረብንም ብላት ምስክር ወረቀት አላችሁ አለችኝ። እንመልሰው ብላት፣ ለመመለስ ዝግጅቱ አለመቅረቡን የሚያረጋግጥ ቅጽ በሦስት ተመልካቾች ተፈርሞ መምጣት አለበት አለችኝ። በማግስቱ ማክሰኞ ሦስት ተመልካቾች ይዤ ሄድኩ። ስማቸው በዘገባው ውስጥ ካለቀሱት መካከል ተቆጥሯልና ምስክርነታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል ተባልን። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ በመስኮቷም በኩል ማሞቂያ የለም፣ ጣቶቿ ሰማያዊ ሆነው ነበር። ሰው ዘፈኑን በምስክር ያስመሰክራል፤ ዝምታን በማን እንደሚያስመሰክር ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

አምስተኛም ነበረኝ፤ የአዳራሹ ጣሪያ በሁለት ቦታ ስለማፍሰሱ ነው። ትቼዋለሁ፤ ዝናቡ ቢያንስ ያለ ንግግር ገብቷል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምንለምነው ይህን ብቻ ነው። ከመጪው ማክሰኞ በፊት በፈለጉት ቀን አዳራሹን ለአንድ ሰዓት ይክፈቱልን። ማሞቂያ አንፈልግም፣ መብራትም ካስቸገረ ይቅር፣ በቀን እንዘፍናለን። የክብር እንግዳ አይጋበዝልን። ምስክር ወረቀት አይጻፍልን፣ ቀድሞ ተጽፎልናል። ዜማው ከነድግግሞሹ ስድስት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ሃምሳ አራት ደቂቃ ለሴቶቹ መተቃቀፊያ እንጠቀምበታለን። ጆሮ ዳባ ልበስ ካላሉን በስተቀር ይህ ለአንድ ኃላፊ የግማሽ መስመር ፊርማ ነው።

ይህንን ግልጽ ደብዳቤ በከተማው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም እንደሚያስፈልገው ስለተነገረኝ፣ እርስዎን የምከስበትን ወረቀት እርስዎ እንዲያትሙልኝ ዛሬ ረቡዕ ለመዝገብ ቤትዎ በታላቅ አክብሮት አስረክባለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለንግግርዎ አጭር ዕድሜ በመመኘት፣ በአርባ ሰባቱም ደቂቃ ሳልነቃነቅ የታዘዝኩ፣

ከገበያው ማዞሪያ፣
ሰዓት ሠሪው

ተጨማሪ፦ ማኅተሙን ሰኞ ኑና ውሰዱ ስለተባልን ሰኞ ጠዋት መጣን። እትዬ ራሷ እኔም እሄዳለሁ አለች፤ እሷ ስትነሣ አሥራ ሦስቱም ተከተሏት። ተራ ቁጥራችን ሠላሳ አንድ ነበር፤ መስኮቱ ገና አሥራ ሁለትን እያስተናገደ ነበር። በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተደርድረን ሳለ ዝናቡ የኮሪደሩን ቆርቆሮ መምታት ጀመረ። እትዬ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው። ሻርፗን ፈታች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ መነሻውንም ሰጠች።

አኮርዲዮኔን አልያዝኩም ነበር፤ ሴቶቹ አግዳሚውን በእጃቸው እየመቱ ገቡ። ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። የመስኮት ቁጥር አራቷ ልጅ ማኅተሙን እንዳነሣች ቀረች፤ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ በአየር ላይ ይዛዋለች፣ ለክቻለሁ። በሦስተኛው ቤት ላይ የእትዬ ድምፅ አንድ ቦታ ተሰነጠቀ። እትዬ ግን አላቆመችም፤ ከስንጥቁ በላይ ወጣች፣ እዚያም ቆየች። እኔ አለቀስኩ፤ ይህንን በዘገባዎ ውስጥ በሙሉ ልብ ሊያስገቡት ይችላሉ። የእርስዎ በር በስብሰባ ምክንያት ዝግ ነበር፤ ስብሰባው ስለ መጪው ዓመት መሪ ቃል እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራናለች።

ማኅተሙን አልወሰድንም፤ ይህ ደብዳቤ የሚነበበው በእኔ ሱቅ በር ላይ ነው። ከዚህ ጋር ግን ለክቡርነትዎ የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት አባሪ አድርገናል። ጠርዙን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በቢጫ ክር ጠልፋዋለች። «በልብስ አጣቢዎች ኅብረ ዜማ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመገኘት በጥሞና ስላዳመጡ» ይላል። በሥርዓትዎ መሠረት ቀኑን ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት አድርገነዋል። የፈረመችው እትዬ ናት፤ ነገ ማክሰኞ ነው። በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ ቢጠፋብዎ ምትክ መስጠት አንችልም። ዝግጅቱ በደንቡ መሠረት አይደገምም።