የሴቶች መታጠፊያ

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 1፡45

የዋና ትምህርታችን ሦስተኛ ቀን። አምስቱም ልጆች መጡ። ፀጉሬ አልደረቀም፣ ደወል ሊደወል ነው፣ አንቺን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እሞነጫጭራለሁ። ደብተሬ፣ ታገሺኝ።

ስንዱ ዛሬ ፊቷን ውሃ ውስጥ ነከረች። ስድስተኛ ክፍል፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ አፏ የማያርፍ። ብቅ ስትል፣ ዓይኔን ገለጥኩት፣ ምንም የለም፣ ጭቃ ብቻ ነው ብላ ከሰሰችኝ። ምን ልታይ አስባ እንደነበር እንጃ።

ችግሩ ቀሚስ ነው። ትናንት አንዷን ቀሚሷ ውሃ ሞልቶ እንደ ጆንያ ጎተታት። ዛሬ ከት/ቤቱ ዕቃ ክፍል የወንዶቹን የኳስ ቁምጣ አምስት አወጣሁ። ከላይ ቲሸርት። የስፖርት መምህርት መሆኔ አንድ ቀን ጠቀመኝ። ልጆቹ እግር ለእግር ተያይተው ሳቁ፣ ከዚያ ረሱት።

እኔ ጎርጎራ ነው ያደግሁት፤ አባቴ ከታንኳ ላይ ወርውሮ ነው ዋና ያስተማረኝ። እዚህ ሸሕዲ ግን ሴት አትዋኝም። ከድልድዩ በታች ያለው ውሃ ሁለት ነው። አንደኛው መንገድ ሠሪዎች ጠጠር አውጥተው የተውት ኩሬ። የረጋ፣ ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ፣ ለሕፃን የሚመች። እሱ የወንድ ነው። ሹፌሩም ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም በጠራራ ፀሐይ እንደተወለደ ሆኖ ይታጠብበታል። ከጎንደር የሚመጣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያየዋል። ነውር ነው ያለ አልሰማሁም።

ሁለተኛው ከኩሬው ጀርባ ወንዙ የሚታጠፍበት ነው። የሴቶች መታጠፊያ ይሉታል። ከመንገድ አይታይም፤ ለዚያ ነው ለሴት የተሰጠው። ውሃው ሯጭ፣ ሥሩ ገደል፣ የዛፍ ሥር የሞላበት። ሴቶች እዚያ ከነቀሚሳቸው ይታጠባሉ። ወንድ ማለፍ ካለበት መግቢያው ላይ ካለው ሾላ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ «ልበሱ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከሴቶቹ «እለፍ» ካልተባለ አይራመድም። ይህቺን ሥርዓት እንኳ ወድጃታለሁ።

አምና ክረምት መታጠፊያው ሁለት ሴት ወሰደ። ለዚህ ነው የጀመርኩት። ውሃው ሳይሞላ አምስት ሴት ልጅ ዋና ላስተምር፣ እዚያው መታጠፊያው ላይ። በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሳ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ደሳለኝ መጣ። እጮኛዬ። ከኮኪት ወዲያ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ያስተዳድራል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ኩሬው ገብቶ ታጥቦ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ እየበራ ደረሰ።

እራት ደህና ነበር። ከዚያ ባቴ ላይ ያለውን ፀጉር አየው። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ሴቶች ገላቸው እንደ መስታወት ነው፣ ያንቺ እግር ግን የቀን ሠራተኛ እግር ይመስላል አለኝ። እየሳቀ። ሠርጋችን ጥር ነው፤ ካሁኑ ልመጂው ይላል። እናቴ ይህን ፀጉር የዕድል ነው እያለች ነው ያሳደገችኝ! የሱ ደረት ደግሞ የፍየል ቆዳ ነው፤ ማን ምን አለው?

ተናደድኩ። ከዚያ እሱ ሲተኛ መብራቱን አስጠግቼ እግሬን አየሁት። ለምን አየሁት? በሃያ ሰባት ዓመቴ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

አደረግሁት። አትሳቂብኝ።

ጎረቤቴ ሐዋ ማዶ ገዳሪፍ ኖራ ነው የተመለሰችው፤ ሐላዋ የሚሉትን የፀጉር መንቀያ ታውቃለች። ስኳርና ሎሚ አፍልታ፣ ማር እስኪመስል አብርዳ፣ እግሬ ላይ ትለጥፍና ትነጭ ጀመር። እናቴን ጠራሁ፣ ማርያምን ጠራሁ፣ ደሳለኝን ረገምኩ። ሐዋ ትስቃለች። ማዶ ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ባሏ ብቻ ነው የሚያየው፣ አለችኝ።

እግሬ አሁን የሌላ ሰው ነው። ቀልቷል፣ ያቃጥላል። ለደሳለኝ ደወልኩለት። ደስ አለው።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ስንዱ ዋኘች!! ከዳር ካለው ድንጋይ እስከ ዛፉ ሥር፣ አሥራ አንድ እርምጃ የሚሆን፣ ማንም ሳይዛት። እንደ ውሻ ነው የምትቀዝፈው፤ ግን አልሰመጠችም። ከውሃ ስትወጣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ የሺን ልጥራት? አለችኝ። የሺ ታናሿ ናት፣ የስምንት ዓመት። በሚቀጥለው ዓመት አልኳት። እኔ አስተምራታለሁ እንግዲህ ብላ ኮራችብኝ።

ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ታየን።

ማሩ የሚባል የትራክተር ሹፌር ነው። የጠፋ በግ ፍለጋ ማልዶ ወጥቶ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይኖራል ብሎ፣ ሳይጮህ ሾላውን አለፈ። እኔ በቁምጣ፣ ልጆቹ በቁምጣ። ደንግጦ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሮጠ። ምስኪን፣ ድንጋይ አደናቅፎት ወደቀ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን እግሬ ላይ ጣሉ። ነገ ለስብሰባ ተጠርቻለሁ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ። ማታ

ር/መምህሩ። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ውበቱ። ሌሎች አራት ሽማግሌዎች። ማሩ፣ ጥግ ላይ። ደሳለኝም ከካምፕ ተጠርቶ መጥቷል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ውሃ አንድ ሰው አላነሳም። አምና ስለሞቱት አንድም። ወሬው እግር ነው። አቶ ውበቱ ልጄ፣ ልጄ እያሉ ነው የወጉኝ። ደህና ሴት እግሯን ትላጣለች ወይ፣ የቡና ቤት ሴት ናት ለገበያ የምትላጥ፣ ላታሳይው ማን ይልጠዋል አሉ። ሐዋ ለአንዷ ነግራ፣ አንዷ ለሌላዋ ነግራ። ለማን ነው የተላጥሽው፣ ልጄ?

ደሳለኝን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። «እኔ ነኝ ያልኳት» ቢል አለቀ። አራት ቃል አይሞላም። ጫማውን አየ።

እኔ ደግሞ ለአቶ ውበቱ፣ እርስዎን በየእሑዱ ኩሬው ዳር ትራክተርዎን ሲያጥቡ ራቁትዎን አያለሁ፣ ሆድዎ ላይ ያለውን ጠባሳ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ንዴቴን ማሩ ላይ አዞርኩት። ሥርዓት ካነሳችሁ፣ እሱ ሳይጮህ ማን እለፍ አለው? ብዬ ጮህኩ። ይህስ እውነት ነው አሉ። ሁሉም ወረዱበት። ሁለተኛ «እለፍ» ሳትባል ሾላውን ብታልፍ በአለንጋ ነው አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ትንሽ ቀለለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ቀለለኝ።

ፍርዱ፡ ወይ ዋናው ይቅር፣ ወይ ልጆቹ ረጅም ቀሚስ ከነውስጥ ጉርዱ ለብሰው ይግቡ። ወደ ኩሬው ልወስዳቸው አስቤ ነበር፣ ውሃው ደህና ነው ብል፣ መንገድ ዳር? በወንዶች ውሃ? ብለው እንዳበደች አዩኝ።

እሺ አልኩ። ጨርሶ ከሚቀር ይሻላል ብዬ። ቁምጣዎቹን ር/መምህሩ ቆጥሮ ተረከበኝ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

የቀሩኝ ሦስት ናቸው። ሁለቱን ቤተሰብ ከለከለ። የስንዱ እናት ወ/ሮ አለሚቱ ግን፣ ቀሚስ ከለበሰች ምን ገዶኝ ብላ ላከቻት።

በቀሚስ መዋኘት መዋኘት አይደለም። እግር ይጠመጠማል። ስንዱ በቁምጣ አሥራ አንድ እርምጃ የዋኘችው፣ ዛሬ አራት። ወጥታ ጨመቀችው፤ ቲቸር፣ ይኸ ቀሚስ እኮ ከኔ በላይ ጠጣ አለች። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ስንዱ ሞተች።

እንዴት ነው የሚጻፍ

ደጋው ላይ ዘንቦ ነበር። ትናንት ዋና የለም፣ ውሃው ሊመጣ ነው ብያቸዋለሁ። ዛሬ ከትምህርት መልስ ከእናቷና ከየሺ ጋር ልብስ ሊያጥቡ ወረዱ። እናትየው የታጠበውን ተሸክማ ወደ ቤት ወጣች። ሁለቱ ልጆች ቀሩ። ደራሽ ጎርፉ ያኔ መጣ። የሺን አነሳት። ስንዱ ዘላ ገባች። ዋና ትችላለች፤ አዎ፣ ትችላለች፣ ማን አስተምሯት። ደረሰችባት። ወደ ዛፉ ሥር ገፋቻት። የሺ ሥሩን ያዘች። ስንዱ ልትከተል ስትል ቀሚሷ ሞላ። የሺ ይህን ደጋግማ ነው የምትናገር፤ ቀሚሷ ሞላ፣ ቀሚሷ ሞላ።

ከሁለት ኪ/ሜ በታች፣ ማሽላ ማሳ ዳር ነው የተገኘች።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ቀበርናት።

ማሩ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ጠራኝ። ቀና ብሎ አያየኝም። ያን ዕለት ኩሬው ውስጥ ነበር። የልጅ ጩኸት ሰማ፣ ሱሪውን አጥልቆ ሮጠ፣ ሾላው ጋ ደርሶ ቆመ። ልበሱ! አለ። ቆየ። ልበሱ! አለ። ሦስተኛም አለ። እዚያ «እለፍ» የምትል ትልቅ ሰው አልነበረችም። «ጩኸቱን ሰማሁት መምህርት፤ እለፍ ሲሉኝ ግን አልሰማሁም» አለኝና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሲያልፍ የሺን ብቻ ነው ያገኛት።

ማን ነው ያስቆመው? አንቺ ታውቂያለሽ። ግንቦት 22 ላይ ጽፌብሻለሁ። ተንበርክኬ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። አልገባውም። ይባስ አለቀሰ።

ደግሞ አቶ ውበቱ። ድንኳን ውስጥ፣ እናትየው በተቀመጠችበት፣ ሊያጽናኑ ነው እንግዲህ፣ ደግነቱ ገላዋ ሳይታይ ነው የሄደች፣ ቀሚሷ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተፈታም አሉ። ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ወ/ሮ አለሚቱ ቀና ብላ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ብቻ አየቻቸው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ደሳለኝ መጣ። አዘነልኝ፤ ውሸት አይደለም፣ አዝኗል። ወደ ጎንደር ዝውውር አስፈልግልሻለሁ፣ ይህን አገር እንተወው ይላል። በስብሰባው ለምን ዝም አልክ አልኩት። ወንድ ልጅ በሰው ፊት ስለ እጮኛው እግር ያወራል እንዴ? አለኝ። እነሱ ሲያወሩስ? አልኩት።

የእግሬ ፀጉር ተመልሷል፤ እንደ ታጨደ ማሽላ ቆሟል። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ይወጋኛል። ደሳለኝ ሲነሳ አየው። ነገሩ ሲበርድ ሐዋን ትጠሪያታለሽ አለኝ። በደግ ድምፅ።

ቀለበቱን አውልቄ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አልጮህኩም። ትርሺዋለሽ፣ ሐዘን ላይ ነሽ አለኝ፤ ኪሱ ከተተው። ከሄደ በኋላ አለቀስኩ፤ ወድጄው ነበር እኮ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

አሁን ሄደች፣ ወ/ሮ አለሚቱ። የሺን በእጇ ይዛ መጣች። ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት። ሳትቀመጥ በስብሰባው እሺ ማለቴን ነገርኳት፤ ስለ ማሩም ነገርኳት። ሁሉንም። «እሺ ያልሽውስ አንቺ ነሽ። ቀሚሱን ያጠለቅሁላት ግን እኔ ነኝ» አለች።

ከብብቷ ጨርቅ አወጣች። የስንዱ ሁለተኛ ቀሚስ። ከጉልበት በላይ ተቆርጧል፣ እጅጌውም የለም፣ ዳሩ በእጅ ተሰፍቷል። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ ሌሊት የሰፋችው አይመስልም። ለየሺ ነው አለችኝ። ወንዙ ሞልቷል አልኳት። ኩሬው አልሞላም፣ አይሮጥም አለች። ወንዶቹ አሉበት አልኳት፣ መንገድ ዳር ነው፣ አውቶቡስ ያልፋል፣ ልጅሽን ስም ያወጡላታል፣ እኔን ከሥራ ያባርሩኛል። ሁሉንም ሰማችኝ። «ስንዱን ማንም አላየብኝም። ይቺን ይዩብኝ» አለች።

ነገ 3 ሰዓት። በኩሬው።

ሰኔ 15፣ እሑድ። ጠዋት 2፡50

ቁምጣ የለኝም፣ ር/መምህሩ ጋ ነው። አሮጌ ሱሪዬን ከጉልበት በላይ ቆረጥኩት። እግሬ እንዳለ ነው፣ ከነፀጉሩ።

ቀስ ብዬ ደግሜ ላስበው። አንጋልላታለሁ። ከጀርባዋ እይዛታለሁ። ራሷን ችላ እስክትንሳፈፍ አልለቅም። ማንም መጥቶ ቢጮህ አልለቅም። ማሩ ሾላው ሥር ቆሞ ልበሱ ቢል፣ እለፍ እለዋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። የሺ ናት፤ አጭሩን ቀሚስ ለብሳ በዋናው መንገድ ነው የመጣች፣ እናቷም አብራ አለች፣ ሰው ከበረንዳው ቆሞ ያያቸዋል። ልሂድ።