ምላጭ የምትሰርቀኝ ልጅሽ

ይድረስ ለእህቴ፤
አገሩ እንዴት ይዞሻል? የእኔ ቀልድ ቤተሰቡን ከማስቸገሩ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ከፀጉር ቤቴ ምላጭ ሲጎድልብኝ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጠርጥሬ አኩርፌው ነበር። ሌባዋ ለካ ልጅሽ ናት! መስታወቱ ፊት ቆማ አገጯን ስትላጭ ደረስኩባት። «ደንበኛ ከሆንሽማ ወረፋ ያዢ!» ብላት ሳቅ ቀርቶ እንባዋ መጣ። ሚስቴ እኔን ገፍትራ አስወጥታ በሩን ዘጋችው።

ለካ ብጉሩ አልለቃት ብሎ፣ እምብዛም ሳትበላ እየወፈረች፣ የወር አበባዋም ሦስት አራት ወር እየዘለለ፣ አፍራ ዝም ብላ ኖሯል። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ ደሟን መርምራ፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አይታ፣ «የሆርሞን መዛባት ነው፤ ብዙ ሴቶች አለባቸው። በመድኃኒትና በእንቅስቃሴ ይሻላታል» አለች። አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን እንራመዳለን። እኔ ሳለከልክ እሷ «ጋሼ፣ ልሸከምህ እንዴ?» ትለኛለች። በዚህ ወር ደግሞ የወር አበባዋ ጊዜውን ጠብቆ መጣላት፤ ሚስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ትናንት ለቀጠሮ ስንመለስ ሐኪሟ «ከዘመድ እንዲህ ያለባት ነበረች?» አለችኝ። በፂሟ «ሻምበል» የምንላት፣ ሳትወልድ እኛን እንደ ልጆቿ ያሳደገችን አክስታችን ትዝ አለችኝ። አንቺ ታላቅ ነሽና የእሷስ የወር አበባ ይዘል እንደነበር የምታውቂውን ጻፊልኝ። ስለ አክስታችን ስነግራት፣ ሐኪሟ ፊቴን አየችና ሳቀች፦

«አይዞዎት፤ እንዲህ የነበሩ ስንቶቹን እኔው ራሴ አዋልጃለሁ።»

እኔ እኮ ምንም አልጠየቅኋትም።

ጤናውን ያብዛልሽ፤
ፀጉር አስተካካዩ ወንድምሽ