ፀሐይ እያየ በሌሊት ስለተመዘገበው ማመልከቻ

ለክቡር አቶ ጠዓመ
የዕደ ጥበብ ሥራ ክፍሎች ደልዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አስመራ

ኖቬምበር 13 ቀን 1996

ክቡር ሆይ፣

ስንት ሰዓት ነው? ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የጠበቀ ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቆ ያውቃል፤ መልሱንም ከማንም አላፊ አግዳሚ ያገኛል። በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን መልሱ የሚወሰነው በየትኛው መስኮት ፊት እንደተሰለፉ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። አስቀድሜ ግን ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሁሉም በላይ በግራ እጅዎ ላይ ላለችው ሰዓት ጤና ከልብ እመኛለሁ። እርስዎን ቢያስነጥስዎት የሚያመው አንድ ሰው ነው፤ እርሷ ሰባት ደቂቃ ስትቀድም ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ያረጃል።

እኔ እየሩስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ተምሬ ባለፈው ዓመት ወደ አገሬ የተመለስኩት፣ እርስዎ «ያቺ የኮምፒዩተር ልጅ» የሚሉኝ ሠራተኛዎ። በአማርኛ የምጽፍልዎ ትግርኛዬ የቤትና የሰፈር በመሆኑ፣ ብዕሬ ደግሞ ትምህርት ቤት በአማርኛ ስላደገ ነው። እርስዎም ሠራተኛ መቆጣት ሲያምርዎት ወደ አማርኛ እንደሚሻገሩ ሕንጻው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እንግባባለን የሚል ጽኑ ተስፋ አለኝ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1. በመጀመሪያ ስለ ጠዋቱ ስልክ አመሰግንዎታለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በሦስቱ የመዝገብ ኮምፒዩተሮቻችን ሆድ ውስጥ ሰዓትና ቀን እንዲያስታውሱ የተደረገችው ትንሽ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ሦስቱም ሁሉን ይረሱና ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ላይ ይነቃሉ። ለዚህ ሕመም እርስዎ ያዘዙት መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ስልክ ደውለው የእጅ ሰዓትዎን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ማንበብ፣ ጸሐፊዎቹም የሰሙትን በእጃቸው መጻፍ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እርስዎ «ሁለት ሰዓት» ሲሉ አንዷ 2 ትጽፋለች፣ ሌላዋ ወደ ፈረንጅ ቆጠራ ቀይራ 8 ትጽፋለች። ሁለቱም ታዝዘዋል፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዓት ልዩነት ይዞ ማንም ያልተሳሳተበት መሥሪያ ቤት መምራት ተሰጥኦ ይጠይቃል።

2. ሁለተኛ፣ ስለ ሴፕቴምበሩ ማስጠንቀቂያ አመሰግንዎታለሁ። ያኔ ምን አጠፋሁ? በኋላ ክፍል የተቀመጠውን፣ ሰርቨር የምንለውን ዋናውን ኮምፒዩተር፣ ባትሪው ጤነኛ ስለሆነ፣ በሬዲዮ የሰዓት ምልክት አስተካከልኩት። ከዚያም ሌሎቹ ሲነቁ በሚያነቡት ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ጨመርኩ። መስመሯ በሰው ቋንቋ ብትነበብ «ሥራ ከመጀመርህ በፊት ዋናውን ሰዓት ጠይቅ፣ የነገረህንም ያዝ» ትላለች። አዲስ ፍልስፍና አይደለም። የከተማው ሰው የካቴድራሉ ደወል ሲመታ ቀና ብሎ የእጅ ሰዓቱን ያስተካክላል እንጂ፣ ደወሉን የእጅ ሰዓቴን ተከተል አይለውም።

ለአራት ቀን ሦስቱም መስኮቶች አንድ ዓይነት ሰዓት ተናገሩ። የመስኮት ሦስቷ ለምለም ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች ካየች በኋላ፣ «ወይ ጉድ! እነዚህ እንኳን ተስማሙ፤ የቀረነው እኛ ነን!» ብላ እጇን አጨበጨበች። በአምስተኛው ቀን እርስዎ አስጠሩኝና «ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ትእዛዝ ከተቀበለ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከልብ የመነጨ መሆኑ ገባኝ። መስመሯ በፊትዎ ተሰረዘች፤ ለእኔም «የሰዓት ሥልጣንን ያለ ፈቃድ ለማሽን ስለማስተላለፍ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በክፈፍ አድርጌ ቃሓውታ ሰፈር ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ ሁሉ ያነበዋል።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ኦክቶበር 31 የአሥራ ሁለቱ አዳዲስ የሥራ ክፍሎች ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ነበር። መዝጊያው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማሽኑ 5:00 PM የሚለው፤ ደንቡም ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያገኛል ነው። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። እርስዎ እስከ ዘጠኝ ተኩል በሚዘልቀው ምሳዎ ላይ ስለነበሩ ስልክ የሚደውል አልተገኘም።

የመስኮት አንድ ጸሐፊ በራሷ ጊዜ ሰዓቱን ቀይራ በትክክል ጻፈች። መስኮት ሁለት «ያለ ትእዛዝ ሰዓት አልነካም፤ የነካችው እየሩስ ምን እንዳገኛት አይተናል» ብላ ኮምፒዩተሯን 1980 ላይ ተወችው። ይህን ታዛዥነት እርስዎ እንዳስተማሯት ለታሪክ ይመዝገብልኝ። ለምለም ደግሞ በአጠገቧ ያለፈውን ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች፤ «ስምንት ከሃያ» አላት፤ 8:20 ብላ ጻፈች። ማሽኑ ከቀትር በፊት ነው ወይስ በኋላ ሲላት፣ እውነተኛ ልጅ ናትና፣ በኋላ፣ ማለትም PM አለች። እኛ ብቻ ልንሠራው የምንችል ንጹሕ የአገር ልጅ ስህተት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መስኮት ሦስት፣ ውጭ ፀሐይ እየወጋ፣ ሌሊት ሆነ።

እናታችን ኣደይ ሣህሊቱ የመጡት አሥር ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ነው። ዓባ ሻውል ሰፈር ውስጥ በሰው ደረጃ ሥር ተቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩን ለራሳቸው ሳይሆን ለስፌት ማሽናቸው የሚያለብሱ ሴት ናቸው። የደረጃው ባለቤት ሊያፈርሰው ስለሆነ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ እንዲለቁ ነግሯቸዋል። ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ማመልከቻቸውን ሰጡ፤ ማሽኑም 10:04 PM ብሎ መዘገበ፤ ይህም በእኛ ቆጠራ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ማለት ነው። ፕሮግራሙ አምስት ሰዓት ዘግይተዋል ብሎ ጣላቸው።

ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረው ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪው ደበሳይ መስኮት ሁለት ሲለቀቅ ወደዚያ ሄደ፤ እርሱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ተመዘገበ። ከማንም ቀድሞ መጥቷልና ክፍሉን አገኘ። በ1980 ደበሳይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ይህ ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ ነጻነት አልነበረም፤ እርስዎም እዚያ ወንበር ላይ አልነበሩም። ደጉ ዘመን እንዳልል ጦርነት ነበርና እተወዋለሁ።

4. አራተኛ፣ ለአቤቱታ ስለሰጡት ጆሮ አመሰግናለሁ። ኣደይ ሣህሊቱ ፊትዎ ቆመው የተናገሩትን በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ጎይታይ፣ ጌታዬ፣ እኔ ስፈርም ፀሐይዋ በዚያ መስኮት ገብታ ዓይኔን እየወጋችኝ ነበር። እናንተ ቤት ፀሐይ የምትወጣው በሌሊት ነው እንዴ?» አሉ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ማሽን አይዋሽም» አሉ። ደበሳይ ሊመሰክር መጥቶ «ከፊቴ ነበረች፤ ሰልፉ ሁሉ ያውቃል። ካልሆነም ክፍሏ ለሁለት ትበቃናለች፣ እኔ በአንዱ ጥግ እቀጠቅጣለሁ» ቢልዎት፣ ብዙ የሚናገር ሰው ያገኘውንም ሊያጣ እንደሚችል በአባትነት መከሩት። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሴትዮዋን ቦታ በግድ ተቀብሎ፣ ሊመልስ ሲል ደግሞ ሲዛትበት ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ያስደነቀኝ ምርመራዎ ነው። ሴትዮዋ ከምሽቱ አራት ሰዓት መጥተው ከሆነ፣ በሩን የከፈተላቸው ሰው መኖር አለበት! ስለዚህ ዘበኛውን ኣቦይ አስገዶምን ጠርተው፣ በሌሊት ማንን እንዳስገቡ እንዲያምኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ሲወጡ «ጓለይ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «በሩን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆልፌ ቁልፉን እዚህ ኪሴ ከትቻለሁ። እኔ ብዋሽ እንኳ የግቢው ውሻ ዝም ይል ነበር?» ውሻውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ኣቦይ አስገዶም ከኖቬምበር 6 ጀምሮ ከሥራ ታግደው ፓራዲዞ ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠዋል።

5. ለምለምንም በዚያ የሌሊት ሰዓት ቢሮ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር ብለው በሰው ፊት ጠይቀዋታል። በጥር ልታገባ ነው። ስለ ሰርግ ስጦታው እናመሰግናለን።

ክቡር አቶ ጠዓመ፣ እስካሁን የቀለድኩት ካልቀለድኩ ስለማለቅስ ነው። ወደዚህ ከተማ ስመለስ አገሪቱ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል። ሁሉን ነገር እንደ አዲስ እንጀምራለን ሲባል፣ ሰዓቱንም ይጨምራል ብዬ አምኜ ነበር፤ አሁንም እንዲህ ተዋርጄ አምናለሁ። የምለምነው ብዙ አይደለም። የይግባኝ ኮሚቴው የሚቀመጠው የፊታችን ረቡዕ ኖቬምበር 20 ነው፤ የኣደይ ሣህሊቱን ጉዳይ የሚያየው ደግሞ መዝገቡ የተሳሳተ መሆኑን የሚገልጽ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት ሲቀርብለት ብቻ ነው። ካልቀረበ ሐሙስ ቁልፎቹ ይታደላሉ፤ ሴትዮዋም ዲሴምበር ሲያልቅ ማሽናቸውን በራሳቸው ተሸክመው ከደረጃው ሥር ወደ መንገድ ይወጣሉ። አንድ ፊርማ ለእርሳቸው፣ አንድ ፊርማ ለኣቦይ አስገዶም፣ አንዲት መስመር ለኮምፒዩተሮቹ። መስመሯን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሻሂዎ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። ባትሪዎቹ እስኪቀየሩም ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር ዋናውን ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ምሳዎንም ማንም አያቋርጥብዎትም።

እናንተ ደግሞ በዚያ ከሰዓት በኋላ መስኮት ሦስት ላይ ያመለከታችሁ ወገኖች፣ እኔ እንደቆጠርኩት አሥራ ዘጠኝ ናችሁ። የተሰጣችሁን የመቀበያ ወረቀት አውጥታችሁ ሰዓቱን እዩ። በሌሊት መጥታችኋል የሚል ከሆነ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በፀሐዩ ሁለት ሰዓት፣ ከኣደይ ሣህሊቱ ጋር በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እንገናኝ።

ደቂቃ ሳልሰርቅ፣ ደቂቃም ሳልጨምር፣ በሰባት ደቂቃ ወደኋላ የቀረሁ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

እየሩስ ገብረመድኅን

ግልባጭ፦
ለይግባኝ ኮሚቴው
ለኣደይ ሣህሊቱ፣ ዓባ ሻውል፣ ከደረጃው ሥር
ለውሻው፣ ምናልባት ለምስክርነት ቢፈለግ

ማሳሰቢያ፦ ኣቦይ አስገዶምን ያገዱበት ደብዳቤ ቅጂ እጄ ላይ አለ። ከቢሮዎ ኮምፒዩተር ታትሞ ስለወጣ፣ ከግርጌው የታተመበት ሰዓት ተጽፎበታል፤ እርስዎም እንደ ለምለም በአገራችን ቆጠራ ሞልተውት ኖሮ 4:10 AM ይላል። ይህ በማሽኑ ሂሳብ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ማለት ነው። እኛ በመሥሪያ ቤታችን ማሽን አይዋሽም ብለን ስለተስማማን፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ለእርስዎ በሩን ማን ከፈተልዎ? እባክዎ እስከ ማክሰኞ በጽሑፍ ይመልሱልን፤ ሰዓቱንም መጻፍ አይርሱ።