ከአሮጌ በርኖስ የተሰፋ ኮት

ለልጄ ለመርስዔ፤ አዲስ አበባ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ለእመቤቴ ምስጋና ይድረሳትና ደኅና ነኝ።

ሚስትህ አልጣሽ እጇ ሥራ አይፈታም። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጥይት ቀለህ ወልውላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ቤቱ አምሮበታል። የሟቹን አባትህንም አሮጌ በርኖስ ከቆጥ አውርዳ ተረተረችና ኮት ሰፋችበት። «ለመርስዔ ስጦታ ነው» አለችኝ። እሰየው አልኳት። ዘወር ስትል ግን እጅጌውን አጥልቄ አየሁት፤ ለእኔ እንኳ ያጥረኛል።

እርሻህን ያ አጭሩ ጎረቤታችን ሸዋንግዛው እያረሰልን ነው። ዘንድሮ ብርዱ ጠንቶበታል አለችኝ አልጣሽ።

ልጄ፣ አንተ በራችንን ጎንበስ ብለህ ነበር የምትገባው። ከተማ ሰው ያሳጥራል እንዴ?

መልስ አትጻፍልኝ፤ መጥተህ ልበሰውና ልይህ።

እናትህ ገበያነሽ፣ ከዘመሮ።