ያሳጠርኩት ስም

ጥቅምት 4 ቀን 1963
የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ አቶ ጉልላት አዲስ የአጻጻፍ ደንብ ለጠፉ። ትምህርት ቤት «ት/ቤት» ይባል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ያለበት ስም አጥሮ ይጻፍ። በስም ዝርዝር ላይ አቶና ወይዘሮ፣ ዕድሜና አድራሻ አይግቡ። ቦታ ለመቆጠብ ነው አሉ። ወለተስ? እሷም «ወ/» ልትሆን ነው? ልጠይቅ አልኩና ተውኩት... አራሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ።

ጥቅምት 9
ከጅማ የሚመጣ አውቶቡስ ተገለበጠ። የሰባት ሟቾች ስም በስልክ ደረሰን። ማተሚያው እየጠበቀ ነበር። እንደ ደንቡ አሳጠርኩ፣ አለፈ።

ጥቅምት 10
አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታ ስወርድ ለቅሶ ሰማሁ። እማማ ሸዋገነት ቤት... አጥር የምንጋራቸው። ልጃቸው ወለተጻድቅ ጅማ አስተማሪ ናት፤ በዚህ ሳምንት እመጣለሁ ብላ ጽፋ ነበር። ወንድሟ አምሐ ጋዜጣውን ዘረጋልኝ። «ወ/ጻድቅ ኃ/ማርያም»። አባቷ ኃይለማርያም ነበሩ። በስልክ የመጣው ወለተ ነው ወልደ? ማስታወስ አቃተኝ። አምሐ አስከሬን ሊያመጣ በጭነት መኪና ሄደ። ያሳጠርኩት እኔ መሆኔን ሳልናገር ቤቴ ገባሁ። እንዴት ዝም አልኩ?

ጥቅምት 11
ፊደል ለቃሚው ደሜ በስልክ የመጡ ዜናዎች የተጻፉባቸውን ወረቀቶች ሚስማር ላይ ሰክቶ ያቆያል። በጠዋት ገብቼ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። «አቶ ወልደጻድቅ ኃይለማርያም፣ 24 ዓመት፣ የአስኮ ነዋሪ»። ደስ አለኝ... ወዲያው አፈርኩ።

አቶ ጉልላትን እርማት እናውጣ አልኳቸው።
«ስሙ ትክክል ነው። ምኑን ነው የምናርመው?»
ወረቀቱን ይዘሽ ከወጣሽ አትመለሺ አሉኝ። ይዤ ወጣሁ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ሸዋገነት ግን፣
«ታዲያ የሞተው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

ጥቅምት 12
አምሐ ቴሌግራም ላከ። ወለተጻድቅ ወባ ይዟት ነው የቀረችው፤ ደህና ናት። ሥራ የለኝም፣ ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።

እማማ ሸዋገነት ጥቁራቸውን ሳያወልቁ መጥተው አስኮ ውሰጂኝ አሉ። ጠያይቀን ቤቱን አገኘን። ድንኳን የለም። የወልደጻድቅ እናት ወይዘሮ ዓለም ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጋዜጣውን ሰው አንብቦላቸዋል። ፖሊስም፣ ዘመድም፣ ማንም መጥቶ የነገራቸው የለም።

የጋዜጣው አራሚ እንደነበርኩ ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡ።
«ወለተ ነው የሚለው፤ ሴት ናት እያልኩ ነው የሰነበትኩት። አይደል፣ ልጄ?»
እማማ ሸዋገነት አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።
ስሙን ሙሉውን ነገርኳቸው።