የቱርቦው መጽሐፍ እንዲህ ይላል

አዲስ አበባ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ይዞዎት የነበረው ብርድ ለቀቀዎ ወይ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ በታች ከምጽፈው ነገር በቀር ደህና ነኝ።

ከሪማ፣ እስከዚህ ድረስ ያነበብሽላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እደጊ፣ እኅቴ። አሁን ግን የሚቀጥለውን አንቀጽ ብቻ አንብቢላቸውና ወረቀቱን እጠፊው።

አባዬ፣ የቀረውን ሙላት እንዲያነብልዎ እለምንዎታለሁ። ካባረሩት ወዲህ በቤታችን ስሙ እንደማይነሣ አላጣሁትም። ግን አሥራ አንድ ዓመት መኪናዎን የነዳ ሰው ነው፤ እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊትም ለእርስዎ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብልዎ እሱ ነበር። አሁን አማኑኤል ከተማ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዱቄት ሲጠርግ እንደሚውል ከዚያ የመጣ ተማሪ ነግሮኛል። ሰው ቢልኩበት በማግስቱ ይደርሳል። እስኪመጣ ድረስ ወረቀቱ ሣጥንዎ ውስጥ ይቆይ። ለምን እሱን እንደመረጥሁ ሲያነብልዎ ይገባዎታል።

እንግዲህ ሙላት ከፊትዎ ተቀምጦ ከሆነ ልጀምር።

አዲሱ ካሚዮን የመጣ ሰሞን ትዝ ይልዎታል። ቱርቦ ያለው መኪና ደብረ ማርቆስ ገባ ተብሎ ገበያተኛው ሸቀጡን እየተወ ሊያየው መጣ። ቱርቦ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ለሞተሩ አየር እየገፋ ጉልበት የሚሰጠው ዕቃ ነው ሲባል ሰምቼ፣ እኔ ሁለተኛ ሳንባው ነው እያልሁ ለመጣው ሁሉ አስረዳ ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ እርስዎ በሁለት እጅዎ ይዘው ሰጡኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቤቴ እያለ ምን እቸገራለሁ ሲሉ ሱቅ የሞላው ሰው ሰማ። ከፍቼ ባየው የማውቀው ቃል አንድ እንኳ የለበትም። እንግሊዝኛው ከብዶኝ ነው ብዬ ገመትሁ፤ በአፌ ግን ሁሉም ግልጽ ነው አልሁ። አላውቅም ብል ኖሮ የአንድ ቀን እፍረት ነበረች።

ሻጮቹ የመጀመሪያውን የዘይት ቅያሬ ወደ እኛ ጋራዥ አምጡት፣ ቱርቦ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብለው ነበር። ምን በወጣን፣ መጽሐፉ እያለ እዚሁ ራሳችን እንቀይረዋለን ያልሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ደስ አለዎት።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ መስጊድ ሳልሄድ ቀረሁ። ሙላት ሞተሩን ጥቂት አሙቆ አጠፋና ከሥር ገባ። የመውረጃውን ቡሎን ሲፈታው ዘይቱ በእማዬ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ተንዶለዶለ። ጎረቤታችን እትዬ የብርጓል ለአጥሬ እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው እቀባዋለሁ ብለው በጣሳ በጣሳ ወሰዱት። እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ቆሜ፣ አሁን ፊልትሮውን ፍታ ይላል፣ አሁን አዲሱን እሰር ይላል እላለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የማነበው የሙላትን እጅ ነበር። እሱ ቁልፍ ሲያነሣ አይቼ፣ ቁልፍ አንሣ ይላል እላለሁ።

አዲሱን ዘይት ሞልቶ ወደ ወንበሩ ወጣና ሞተሩን አስነሣው። ነዳጁን ግን አልነካም። ትንሽ ይቆይ፣ ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም አለኝ። ሰዓቱ የመስጊድ መውጫ ነው። እርስዎ ከሰዉ ጋር ሲመጡ የሞተሩን ድምፅ ከመንገድ እንዲሰሙልኝ፣ ልጄ በመጽሐፍ የሠራው ነው እንዲሉልኝ ፈለግሁ። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ እሱ ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን ገጹ ላይ እንዳኖርሁ፣ በኃይል ርገጠው ይላል አልሁ። ሙላት ጣቴን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ረገጠው።

ሞተሩ አጓራ። ከጩኸቱ ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ሙላትም ሰምቶ ግንባሩን ቋጠረ። እርስዎ ግን በሩን ሲገቡ ፈገግ ብለው ነበር።

የሆነውን ያውቁታል። በሳምንቱ ኑግ ጭኖ ዓባይን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ቱርቦው ተሰበረ፤ መኪናው በጢስ ታፍኖ መንገድ ላይ ቆመ። የሻጮቹ መካኒክ ፈትቶ አየና፣ ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ሳይደርሰው ተረግጧል አለ። እርስዎ ሙላትን ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤትና ሠራተኛ ባለበት አቁመው ወደ እኔ ዞሩና መጽሐፉ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ።

«ቀስ በሉ ይላል» አልሁ።

አባዬ፣ ይህን ስጽፍ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴ እየነደደ ነው። ሙላት ይህ ልጅ ይዋሻል ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ልክ ነው፤ እንዲያ ብሎ አንብቦልኛል። የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ። የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ ያን ዕለት እህል አልበላም ያልሁትም እኔው ነበርሁ። እማዬ በመኪናው አዝኖ ነው ብላ ስታባብለኝ ዋለች።

እርስዎም መጽሐፍ የሚያውቅ ልጅ ተቀምጦ አይባክንም ብለው እዚህ የመካኒክ ትምህርት አስገቡኝ። መጽሐፉን ይዤው የመጣሁት ለትምህርት አልነበረም፤ ሌላ ሰው አግኝቶ እንዳያነበው ነው። ባለፈው ወር አላስቀምጥ ቢለኝ ለፈረንጁ አስተማሪያችን አሳየሁት። ሳቀ። እንግሊዝኛ እኮ አይደለም፣ የእኔ አገር ቋንቋ፣ ስዊድንኛ ነው አለኝ። ገጹን ሲያስረዳኝ፣ ዘይት ከቀየራችሁ በኋላ ነዳጅ አትርገጡ፣ ዘይቱ ቱርቦው ዘንድ እስኪደርስ ሞተሩ በቀስታ ይሥራ ይላል። ሙላት ያለ መጽሐፍ የተናገረው ነው። ለዐረፋ ያልመጣሁት ፈተና ይዞኝ ነው ያልሁዎትም ውሸት ነው፤ ዓይንዎን ማየት አቅቶኝ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ።

ጋሽ ሙላት፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምጽፈው። ድምፅዎን ሳይቀንሱ ያንብቡት። ጉልበትዎ ላይ አድጌ፣ እንደ አሠሪ ልጅ አንተ ስልዎ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ እንኳ እስከዚህ ድረስ አልተውሁትም። ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ያን ሁሉ ትእዛዝ ሳነብ ጣቴ ከአንዲት ቃል አልተነሣም ነበር። እንደ እርስዎ ዲማ ደብር የቅኔ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ይህ አያመልጠውም። ታዲያ ለምን ረገጡት እያልሁ ስጠይቅ ከረምሁ። ከመኪናው ወንበር ላይ አጥሩን አሻግሮ መንገዱ እንደሚታይ ትዝ ያለኝ በቅርቡ ነው። አባቴ ከሰዉ ጋር ሲመጡ ከእኔ አስቀድመው እርስዎ አይተዋቸው ነበር።

አባዬ፣ ቁልፉን ይመልሱላቸው ብዬ ለማዘዝ አፍ የለኝም። የምለምንዎ፣ ያን ቀን ግቢ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተጠርተው፣ እሳቸው በቆሙበት ቦታ ይህ ደብዳቤ ይነበብ። ማን እንደዋሸ ሰው ይወቅ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ከሱቅዎ በረካ፣ ከቤትዎ ሰላም አያጉድል። እኔን ለመመረቅ ልብዎ እስኪፈቅድ እጠብቃለሁ።

ያሳፈርሁዎ ልጅዎ

አንድ ነገር ረስቼ። ጋሽ ሙላት አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ለከሪማ ይስጧትና ከመጀመሪያው ጀምራ ትድገመው። እሳቸው ለእኔ ሲሉ መስመር ሊዘሉ ይችላሉ። እዚህ ውስጥ ስለ ራሴ አንድም ደግ ቃል አልጻፍሁም፤ ከሰሙ የጨመሩት ጋሽ ሙላት ናቸው።