ከቤታችን በላይ የቆመች ጀልባ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

የጀልባዋን ውሃ ጨልፌ ጨረስኩ። ዛሬም ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቶ ነበር። ጀልባዋ ከኋላ በኩል ታፈሳለች፤ አባ በጨርቅና በሬንጅ ደፍነውት ነበር፣ አልያዘም። እሳቸው ፊት ለፊቴ መረብ ይጠግናሉ። ያስላቸዋል። ስጠይቅ፣ ብርድ ነው ይላሉ።

ደብተሬ፣ አንቺም ርሰሻል። በፌስታል ጠቅልዬሻለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግሽ።

ከጅዳ ከተመለስኩ አራት ወር ሆነኝ። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስወለውል፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ስተኛ፣ ቤቴ እገባለሁ እል ነበር። የትኛው ቤት? የልጅነታችንን ግድቡ ሲሞላ ውሃ ዋጠው። ዳገቱ ላይ የሠራነው በጦርነቱ ፈረሰ። አባ ከእንግዲህ ቤት አልሠራም ብለው እዚህ ቀሩ። ስድስት እርምጃ ቆርቆሮ፣ ከላይ ሸራ።

ዓሣ አውጥተን ስንመለስ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው ጀልባዋን የሚያቆመውን ድንጋይ የምንጥለው። አባ ሁለቱን ተራሮች አይተው ይለኩታል። በሩ በዚህ፣ ጎተራው በዚያ እያሉ ወደ ታች ያሳዩኛል። እኔ የማየው ድፍርስ ውሃ።

ኅዳር 6

አጎበር ይታደላል ሲሉ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። የለንም አልኩ።

«የት ነው የምትኖሩት?»

«ውሃው ላይ።»

ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ደክሞታል። አጎበሩ የመጣው በቤት ቁጥር ነው አለ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ትንኙ እንደ ጉም ነው።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ወንድሜ ሲሳይ ከሰቆጣ መጣ። አናጢ ነው፤ ሁለት ክፍል ተከራይቷል፣ አንዱ ለእኛ። ዳር ቆሞ ተጣራ። አባ ወደ ዳር አልቀዝፍም አሉ። አባትና ልጅ በውሃ ላይ ተጯጯሁ፤ እኔ መሃል።

«ሰው ይስቅብኛል አባ! አባቱን ውሃ ላይ ጥሎ ይሉኛል!»

«አልጣልከኝም በላቸው። ቤቴ ነኝ።»

ሄደ። ዞር ብሎም አላየን። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። አባን ወባ ጣላቸው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ሸራው አብሯቸው ይንቀጠቀጣል። ጤ/ጣቢያ እንሂድ ብላቸው እንቢ። እናትሽን ትቼ አልሄድም አሉ።

ትኩሳቱ ነው ያስለፈለፋቸው ብዬ፣ እማ ያረፈችው ዳገቱ ላይ ቤ/ክ ነው አልኳቸው። ግድቡ ከመሙላቱ በፊት ሰው ሁሉ የዘመዱን አፅም ወደ ላይ አፍልሷል። የእማንም ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ፤ ድንጋይ የተከመረበት። ጅዳ ስሄድ ተንበርክኬ የተሳለምኩት።

«ባዶ ነው፣ ትርሐስ።»

ውሃው መቃብሯ ድረስ ይደርሳል ብለው አላመኑም ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ አወጣታለሁ ሲሉ አንድ ሌሊት ውሃው ገባ። እኔ ሕፃን ነኝ፣ እናቴ የታለች እያልኩ አለቅሳለሁ። ድንጋይ ከመሩልኝ።

መቅዘፊያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ የሚለኩት በሩንና ጎተራውን አልነበረም።

ኅዳር 16

ራሳቸውን ስተዋል። ብቻዬን ቀዘፍኩ። ነፋሱ ፊት ለፊት፣ መዳፌ ተልጧል። ዳር ላይ ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸከሙልኝ። ኒሯቅ ጤ/ጣቢያ መርፌ ሰጥተው ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ጻፉልን።

መኪናው ውስጥ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወደ ጀልባችን ነው?»

«አዎ አባ። ወደ ጀልባችን ነው።»

እጄን ያዙ። አመኑኝ። እስከ ሰቆጣ ድረስ አልለቀቁኝም።

ኅዳር 25፣ ሰቆጣ

ከሆስፒታል ወጡ። ሐኪሙ፣ ጉበታቸው ተጎድቷል፣ ወባ ከደገማቸው አይተርፉም አለ። የሲሳይ ክፍል ደረቅ ነው። አልጋ አለ፣ በር አለ፣ ቁልፍ አለ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ይኼን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። አያናግሩኝም። ሲሳይ ይለምዱታል ይላል።

ኅዳር 29፣ ጠዋት

አልለመዱትም። ሦስት ቀን ውሃ ብቻ። ለጾም ነው ይላል ሲሳይ። አይደለም።

ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ከግድግዳው ቀስ ብለው ዞረው፣

«እኔም ዋሽቼሻለሁ» አሉ።

«ከተመለሱ ይሞታሉ አባ። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ቢሆኑ ይኖራሉ።»

«የት ነው የምኖረው?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። የምር የጠየቁኝ መሰለኝ። ሰባት ዓመት ቤት ያለኝ መስሎኝ በቤት ስም የታገስኩት እኔ፣ ተነስቼ ጫማቸውን ፈለግኩ።

ሲሳይ ሥራ ሄዷል። ሲመለስ ገደልሻቸው ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ነው። የሐኪሙን መድኃኒት ከትቻለሁ፣ አጎበር ገዝቻለሁ። ጫማቸውን አደረግኩላቸው፤ እግራቸው አብጧል፣ ማሰሪያው አልደረሰም። የኒሯቅ መኪና በሦስት ሰዓት ይወጣል። ራሳቸው ተነስተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ እየጠሩኝ ነው